እንጀራ ጭኜ ወደ ወርዚንግተን

ከሚኒሶታ ዋና ከተማ ከሴንት ፖል የወጣሁት ዓርብ ገና ሳይነጋ ነው። የመኪናዬን የኋላ ወንበር አጥፌ 120 ከረጢት እንጀራ ጭኛለሁ፤ በየከረጢቱ አስር አስር። ሌሊቱን የተጋገረ ስለሆነ ትኩሳቱ አልወጣለትም። ሙቀቱ ከታፈነ እንጀራው ያልበዋል፣ ያላበው እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ መስኮቶቹን በሙሉ ከፍቼ እስከ ማንኬቶ ከተማ ነዳሁ።

ጭነቱን የምትጠብቀው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት፤ እሷ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝም ማሙሽ ትለኛለች። በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ከአዮዋ ድንበር አጠገብ፣ ወርዚንግተን በምትባል ከተማ ትንሽ ሱቅ አላት። ዘወትር እንጀራውን የሚያደርስላት ልጅ ስለታመመ ነው በእሱ ፈንታ የሄድኩት። ለእኔ ግን ጉዞው ሌላም ጉዳይ ነበረው። ሴንት ፖል የነበረኝን ሱቅ ኪራዩ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ከዘጋሁት ዓመት አልሞላውም። እታለም «ወደዚህ ና፣ እዚህ ሰው ለሰው ይተዋወቃል» ስትለኝ ከርማለች። ሦስት ቀን ልይና ልወስን ብዬ ተነሳሁ።

ከማንኬቶ ሀይዌይ 169ን ትቼ ሀይዌይ 60ን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ምጣድ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። ሴንት ጄምስንና ዊንደምን አልፌ ስሄድ ነፋሱ መኪናውን ወደ ጎን ሲገፋው ይሰማኛል። በጥር ይኸው ነፋስ በረዶውን እያነሳ መንገዱን ሲያጠፋው ሀይዌይ 90 በብረት መዝጊያ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እንጀራ ቀርቶ ወተትም አይገባም። ከቤቴ እስከ ሱቋ 180 ማይል ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ወርዚንግተን በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 13,947 ሰው ነው የተቆጠረባት። ኦካቢና የሚባል ሐይቅ አላት፤ በዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ የሳቢሳ ወፎች ጎጆ መሥሪያ እንደ ማለት ነው። ከተማዋን የሚያኖራት የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ አለው፤ በቀን ወደ 20,000 አሳማ ይታረድበታል። ጓቲማላዊው፣ ላኦሳዊው፣ ከበርማ የመጣው ካረን፣ ኤርትራዊው፣ የእኛም ሰው፣ ብዙው ወደዚህች ከተማ የመጣው በዚያ በር በኩል ነው።

የእኛ ሰውና አሳማ የሚለውን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። ሱቁ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አባት አሥራ አንድ ዓመት ላይኑ ላይ፣ ማለት የፋብሪካው የሥራ መስመር ላይ፣ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ፈራ ተባ እያልኩ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እጄ ነካው እንጂ አፌ አልነካውም። የእጄን ውሃ ያጠራዋል» አሉኝ። ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው ገብተው ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ነው ወደ ሱቁ የሚመጡት። ያን ዕለት ዓርብ ነበርና ሽሮና ሁለት ከረጢት እንጀራ ገዝተው ሄዱ። እሑድ ለቅዳሴ አንድ ሰዓት ነድተው ሱ ፎልስ ወደምትባል ከተማ ይወርዳሉ። እኚህን ሰው ካየሁ በኋላ ስለ ፋብሪካው ሥራ ቀለል አድርጎ የሚያወራ ሰው መስማት አልፈልግም።

ከበሩ ስገባ ፊት ለፊት የተደረደረው ቶርቲያ ለሚባለው ቂጣ የሚሆን የበቆሎ ዱቄት ነው። ከጎኑ ደረቅ ቃሪያ፣ የዓሣ ሶስ፣ ትልልቅ የሩዝ ከረጢቶች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ አይዳሆ የሚመረተው ማስካል የተባለው ጤፍ፣ ጥሬ ቡናው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው።

«እታለም፣ የእኛን ዕቃ ምነው ወደ ጓዳ ከተትሽው?»

«የእኛ ሰው የትም ባስቀምጠው ፈልጎ ያገኘዋል። ጓቲማላዊው ግን በመስኮት የሚያውቀውን ዕቃ ካላየ አይገባም። በሀበሻ ብቻ ብል ኖሮ የመብራቱንም አልከፍል፣ ማሙሽ።»

ይህን ስትለኝ የዘጋሁት ሱቅ ዓይኔ ላይ መጣ። በአንድ ሰፈር ያለን የሀበሻ ሱቆች ሁላችንም ያንኑ በርበሬ ለዚያው ሰው ስንሸጥ ነበር። በሱቄ በር የሚያልፈው ሌላው ሕዝብ ምን እንደሚበላ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እታለም ግን ስፓኒሽ የተማረችው ከደንበኞቿ ነው። የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ ማን ከቀን ወደ ማታ ፈረቃ እንደተዛወረ ታውቃለች። የቀን ፈረቃው ሲለቀቅ ሱቁ ይጨናነቃል፤ እሷ ሒሳብ እየመታች በሦስት ቋንቋ ሰላምታ ትሰጣለች።

ሱቅ ለመክፈት የሚጠየቀው ወረቀት ያን ያህል አያስፈራም። በሚኒሶታ ኤልኤልሲ፣ ማለት ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ በኦንላይን ለማቋቋም 155 ዶላር ነው። የየዓመቱ እድሳት ክፍያ የለውም፤ ሳይታደስ ከቀረ ግን ድርጅቱ ይፈርሳል። የምግብ ሸቀጥ ታክስ የለበትም፤ ከረሜላ፣ ለስላሳ፣ ሳሙናና ጀበና ግን የስቴቱ 6.875 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለባቸው። ካሽ ሬጂስተሩ ላይ በትክክል ካልተለየ ልዩነቱ ከባለ ሱቁ ኪስ ይወጣል።

ከካሽ ሬጂስተሩ ሥር አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። የዱቤ ደብተር ነው። ገልጬ ሳየው የስፓኒሹም፣ የካረኑም ስም ጆሮዋ እንደሰማው በፊደላችን ተጽፏል። በፉድ ስታምፕ፣ ማለት መንግሥት ለምግብ መግዣ በሚሰጠው ድጎማ፣ የቆየ ዱቤ መክፈል ሕጉ ስለሚከለክል ደብተሩ የሚጸዳው ከደመወዝ በሚመጣ ብር ብቻ ነው። በአፕሪል 2020 ኮሮና ገብቶ ፋብሪካው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲዘጋ አንዱ ደብተር አልቆ ሌላ ገዛች። አከፋፋዩ በእጅ ካልከፈልሽ አላራግፍም አላት። የወርቅ ሐብሏን ሸጣ ከፈለች። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው እየመጣ ስሙን አሰርዟል። አንዱ ኔብራስካ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ በመኒ ኦርደር ልኮላታል። ሦስት ሰዎች ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ገጻቸው እስከ ዛሬ አልተቀደደም።

«እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት።

«ማሙሽዬ፣ ዛሬ ዱቄት የከለከልኩትን ሰው ነገ ባንክ ተራ ላይ አገኘዋለሁ። ከነገ ወዲያ ልጆቹ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘዋለሁ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ሦስቱን ቀን ሙሉ በጆሮዬ የቀረው ይህ ነው። ሴንት ፖል አንድ ደንበኛ ሲቀርብኝ መቅረቱን እንኳ ሳላውቅ ሌላ ይመጣ ነበር። እዚህ የቀረ ሰው ይታወቃል። ያስቀየሙት ሰውም መንገድ ላይ አይጠፋም።

ቅዳሜ የከተማዋ በዓል ነበር። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና ጥቂት ቀን ነው። ኪንግ ተርኪ ዴይ ይሉታል፤ ከ1939 ጀምሮ የቆየ ነው። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ በ10ኛው መንገድ ላይ ያሯሩጣሉ። ከቴክሳሷ ኩዌሮ ከተማ ሩቢ ቢጎኒያ የተባለችው ትመጣለች፣ የወርዚንግተኗ ደግሞ ፔይቼክ ትባላለች፤ እንደ ደመወዝ ቼክ ፈጥኖ የሚሄድ ነገር የለም ብለው ያወጡላት ስም ነው። ውድድሩ ከ1973 ጀምሮ የሚደረግ ሲሆን ውጤቱ የሚለየው በጥቅምት ኩዌሮ ላይ ከሚደረገው ሩጫ ጋር ተደምሮ ነው። እታለም ሱቁን ለአንድ ሰዓት ዘግታ ወጣን። እኚያ ማተብ ያሰሩ አባት በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ቆመዋል፤ ጎናቸው አብሯቸው ላይኑ ላይ የሚቆም ጓቲማላዊ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጓል። ዶሮዎቹ ሲለቀቁ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ፔይቼክ! ፔይቼክ!» እያለ ጮኸ። ያንን ቃል በሳምንቱ ሁሉ በጉጉት የሚጠብቁ ሰዎች ሲጠሩት ስሰማ ሆዴ ባባ። እኔም ጮኽኩ።

እሑድ ልሄድ ስል እታለም ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ለገና ደብረ ብርሃን እናቷ ጋ ልትሄድ ነው፤ ሰባት ዓመት አልሄደችም። ጥምቀትን አክብራ ነው የምትመለሰው። «ሱቁን ማን ይይዝልኛል?» ስትል ዓይኔን አላየችኝም። «እኔ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ እያዞረች አሳየችኝ። የፍሪጁ በር በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም። የሌሊቱ የፅዳት ፈረቃ ማለዳ ስለሚለቀቅ ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት የበሩ በረዶ መጠረግ አለበት፤ አካፋው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው፣ ጨዉ ባልዲ ውስጥ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ አንዲት የላኦስ አሮጊት አሉ፤ ሩዙን መኪናቸው ድረስ መሸከም ያስፈልጋል።

ለቤቴ ሁለት ፓውንድ ጥሬ ቡና አንስቼ ልከፍል ካርዴን ሳወጣ እጄን መለሰችው። ሰማያዊውን ደብተር ከሥር አውጥታ አዲስ ገጽ ላይ ስሜን ጻፈች፣ ከሥሩ ሒሳቡን አሰፈረች።

«ጥር ላይ ትከፍላለህ» አለችኝ።