ማንቁርት ከወጣ በኋላ፦ በደጋው ብርድ የአንገት ቀዳዳን እንዴት እንደምንከባከብ

ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰው በአፍና በአፍንጫው አይተነፍስም። የአየር ቧንቧው አንገቱ ላይ ተከፍቶ ከቆዳው ጋር ተሰፍቷል፤ አየር የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ቀዳዳ ብቻ ነው። አፍንጫ ያሞቀው፣ ያረጥበውና ያጣራው የነበረ አየር አሁን እንዳለ ሳንባ ይገባል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ከደረቅ ነፋስ ጋር ሲመጣ አክታ ይጋግራል። ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ አክታ መምጠጫ ማሽን ነው። እኔ የምጀምረው ከእርጥበት ነው፤ የለሰለሰ አክታ በሳል ይወጣል፣ የደረቀውን ግን ማሽኑም በቀላሉ አይስበውም።

ለማርጠቢያው ከፋርማሲ 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። ከታጣ ለአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ደቃቅ ጨው፣ በልክ የተሞላ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ድፍን ጨው በማንኪያ ልኩ አይያዝም፤ ከበዛ ያቃጥላል። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ከድኖ ማቀዝቀዝ፤ ያደረውን መድፋት።

አሰጣጡ ቀላል ነው። በሽተኛው ይቀመጥ፤ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር፣ አየር ሲያስገባ ቀዳዳው ውስጥ ጠብ ይደረግለታል። ወዲያው ያስለዋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። የወጣውን በጨርቅ መጥረግ እንጂ በሶፍት አይደለም፤ ሶፍት እየተበጣጠሰ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠዋት፣ ማታ ከመኝታ በፊት፣ በመሐልም አክታው ሲወፍር ይደገማል። ከዚያ በባትሪ መብራት አይቶ፣ ዳር ላይ የሚታየውን ቅርፊት ብቻ ጫፉ ባልሾለ ፒንሴት ማንሳት ነው። ሳይርስ የተላጠ ቅርፊት ያደማል። በአክታው ላይ የደም ጭረት ብዙውን ጊዜ የድርቀት ምልክት ነው፤ ትኩስ ደም ከፈሰሰ ግን ወደ ሆስፒታል ነው።

ቀዳዳው ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ ያለው ሰው የውስጠኛው ቱቦ በቀን ቢያንስ ሁለት ሦስቴ ወጥቶ ለብ ባለ ውሃና በብሩሽ ይታጠባል። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል አንድ ጣት ይግባ። ቫዝሊን ቀዳዳው አጠገብ አይቀባም።

መሸፈኛው ላይ ብዙ ስሕተት አያለሁ። እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ ካለ በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ታጥቦ አይመለስም። ከሌለ ጠርዙ የተዘመዘመ የጥጥ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርሶና ጨምቆ፣ ላላ አድርጎ ከአንገት ላይ ማንጠልጠል ነው፤ በደረቀ ቁጥር ይረጥባል። ጥጥ ራሱን፣ የነጠላ ዘርፍንም አላስጠጋም። መንዝ አካባቢ ለብርድ ባናና በርኖስ እስከ አገጭ ይሳባል፤ ጠጉሩ ይገባል፣ ቀዳዳውንም ያፍናል። ከደረት በታች ይሁን።

የኩበት ጭስ ካለበት ማዕድ ቤት ይራቅ። ማሽተትም ስለሚቀንስበት የሚቃጠል ነገር አይታወቀውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ውሃ በማፍላት እንፋሎት መስጠት አደገኛ ነው።

በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ ሲዋል አክታው እንደ ሙጫ ይሆናል። ሐኪም ፈሳሽ ካልከለከለ በስተቀር ቀኑን ሙሉ መጠጣት አለበት፤ ጉዳዩን ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገርበት።

ትንፋሹ ማፏጨት ከጀመረ ወይም የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ የውስጠኛውን ቱቦ አውጥቶ ጨው ውሃ ጠብ ማድረግና ማሳል ይቀድማል። ካልተከፈተ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ እርዳታም ይጠራል። በማሽን ሲመጠጥ አንዱ ምጠጣ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ኦክሲጅንም የሚሰጠው አንገት ላይ ነው፤ አፉና አፍንጫው ላይ የተደረገ ማስክ ለሳንባው ምንም አያደርስም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ «የምተነፍሰው በአንገቴ ብቻ ነው፤ ኦክሲጅን እዚህ ስጡኝ» የሚል ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ።