የኮራል ገንዳ ውኃ፦ ከሁሉ በፊት አልካሊኒቲ

ኮራል በቤት ገንዳ ውስጥ ሲደበዝዝ ወይም ፖሊፑን (አበባ የሚመስለውን ሥጋውን) አልከፍት ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መብራቱን ይቀይራል፤ ካልሆነም አንድ ጠርሙስ ማዕድን ያፈስሳል። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ አልካሊኒቲው ትናንት ስንት ነበር? ዛሬስ? ይህን መመለስ የማይችል ሰው የቀረውን ሁሉ በግምት ነው የሚሠራው።

አልካሊኒቲ ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ይህን አቅም በአብዛኛው የሚሰጡት ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ናቸው። ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ አጽማቸውን የሚሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ባደጉ ቁጥር ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም ከውኃው ይቀንሳል። ሁለቱ የሚቀንሱት በተወሰነ ምጣኔ ነው። አልካሊኒቲ 2.8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ ነው) ሲወርድ ካልሲየም የሚወርደው በሊትር 20 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፦ ከ8.4 ወደ 5.6 የወረደ አልካሊኒቲ አንድ ሦስተኛውን አጥቷል፤ በዚያው ጊዜ ካልሲየም ከ420 ወደ 400 ቢወርድ ብዙ የቤት መመርመሪያዎች ልዩነቱን በቅጡ እንኳ አይለዩትም። አልካሊኒቲ ቶሎ ቶሎ፣ ካልሲየም በሳምንት አንዴ፣ ማግኒዥየም በወር አንዴ የሚለካበት ምክንያት ይኸው ነው።

የተፈጥሮ ባሕር ውኃ ወደ 7 ዲኬኤች ይጠጋል። ለቤት ገንዳ ከ7 እስከ 9 ባለው መካከል አንድ ቁጥር መርጦ እዚያው ላይ መጽናት ይበቃል። በ7.5 ላይ ለወራት የቆየ ገንዳ በየሳምንቱ ከ8 ወደ 10 ከሚመላለስ ገንዳ እጅግ ይሻላል፤ በተለይ አክሮፖራ የተባለው ቅርንጫፋማ ድንጋያማ ኮራል ላለው ሰው። የቀን ለውጡ ከ0.5 ዲኬኤች ባይበልጥ ጥሩ ነው። ወርዶ ከተገኘም በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንሡት። ዝቅ ያለውን በችኮላ ማንሣት ዝቅ ብሎ ከመቆየቱ የበለጠ ይጎዳል።

መጀመሪያ የገንዳውን የቀን ፍጆታ እወቁ። ምንም ሳትጨምሩ ዛሬ ማታ ለኩ፣ ነገም በዚያው ሰዓት ለኩ። ሰዓቱ የሚጠበቀው ኮራል በብርሃን ጊዜ ፈጥኖ ስለሚገነባ ነው፤ የጠዋትና የማታ ልኬት ማወዳደር ያሳስታል። የመለኪያው ሲሪንጅ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ መኖር የለበትም፤ ብልቃጡም በሚመረመረው ውኃ መታጠብ አለበት። ትናንት 8.4 ነበር፣ ዛሬ 7.9 ሆነ እንበል። ፍጆታው በቀን 0.5 ነው ማለት ነው። ፍጆታው ትንሽ ከሆነ ግን የአንድ ቀን ልዩነት ከመመርመሪያው ስሕተት ስለማይለይ ሦስት ቀን ጠብቆ ለሦስት ማካፈል ይሻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ተራው ቤኪንግ ሶዳ፣ የ100 ሊትርን ውኃ አልካሊኒቲ በ1 ዲኬኤች ያነሣል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ወደ ገንዳ አይገባም። በሶዲየም ካርቦኔት ከሆነ ለዚያው ሥራ 1.9 ግራም ይበቃል፤ ይህኛው ፒኤችንም ከፍ ያደርጋል። 200 ሊትር ውኃ ላለው ገንዳ በቀን 0.5 ዲኬኤች ለመተካት 3 ግራም ባይካርቦኔት ያስፈልጋል። ከዚያ ጋር የሚሄደው ካልሲየም በሊትር 3.6 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ 2.6 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ይሆናል። ሊትሩን ስታሰሉ የመስታወቱን ልክ አትውሰዱ፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ ቀንሱ፣ የታችኛው የማጣሪያ ገንዳ ካለ በውስጡ ያለውን ውኃ ጨምሩ።

ሁለቱን በየራሳቸው ዕቃ በንጹሕ ውኃ አሟሟቸው፣ ውኃው በኃይል በሚፈስበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ በሁለቱ መካከልም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። አንድ ላይ ከገቡ ነጭ ደመና ታያላችሁ። ያ ደመና ኮራሉ ሊጠቀምበት የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሁን በፓምፑና በማሞቂያው ላይ ይጋገራል። በትክክል እየጨመራችሁም አልካሊኒቲውና ካልሲየሙ አልቆም ካሉ፣ ማሞቂያው ላይም ነጭ ቅርፊት ከተገኘ፣ ማግኒዥየምን ለኩ። ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም በሊትር መሆን አለበት። ማግኒዥየም በሚያድገው ክሪስታል ላይ እየተለጠፈ ካልሲየም ካርቦኔት በራሱ እንዳይዘቅጥ ይከለክላል፤ ሲያንስ ይህ ጥበቃ ይላላል።

ፍጆታው መካከለኛ ለሆነ ገንዳ እኔ የምመርጠው የኖራ ውኃ ነው። ካልሲየምንና አልካሊኒቲን ኮራሉ በሚወስዳቸው ምጣኔ አብሮ ይሰጣል፣ ትርፍ ሶዲየምና ክሎራይድ አያከማችም፣ ፒኤችንም ያነሣል። የምግብ ደረጃ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል፤ የግንባታ ኖራ ብዙ ባዕድ ነገር ስላለበት አይሆንም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 2 ግራም በጥብጡ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ አተላው እስኪረጋ ጠብቁና ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ሊትር የጠገበ የኖራ ውኃ 100 ሊትርን ወደ 1.1 ዲኬኤች ያነሣል፤ ከላይ ላየነው ባለ 200 ሊትር ገንዳ በቀን ከ0.9 ሊትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ያን ያህል ውኃ በትነት ስለሚጠፋ በተነነው ምትክ ይገባል።

ጥንቃቄው ግን ትልቅ ነው። የኖራ ውኃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ በጠብታ ነው የሚገባው፤ የገንዳው ፒኤች ዝቅ በሚልበት በሌሊት ቢሆን ይመረጣል። ውኃ የሚተካው አውቶማቲክ መሣሪያ ተንሳፋፊው ቢጣበቅበት በዕቃው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደፋዋል፤ ፒኤቹም ዓሣና ኮራል ወደማይችሉት ይወጣል። ስለዚህ ዕቃው ከሁለት ቀን በላይ የሚበቃ አይያዝ፣ ለማቆሚያም ሁለተኛ ዳሳሽ ይኑር። ክፍት የቆየ የኖራ ውኃ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ከላዩ ይጠጥራል፣ ኃይሉም ይደክማል።

ይህን ሁሉ ስሌት የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ፤ የጨዋማነት ልኬት ስሕተት። ግቡ በሺህ 35 ነው፤ አንጻራዊ ጥግግቱ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.026 ይሆናል። ጨዋማነቱ በእውነት 31 ከሆነ 420 መሆን የነበረበት ካልሲየም 370 አካባቢ፣ 1290 መሆን የነበረበት ማግኒዥየም 1140 አካባቢ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ የጎደለው ማዕድን መስሎት ጠርሙስ ይገዛል፤ የጎደለው ግን ጨው ነው። የጨዋማነት መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር በንጹሕ ውኃ ዜሮ ላይ ማስተካከል አይበቃም፣ ጨዋማነቱ 35 በሆነ መደበኛ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያው የምትለኩበት አካባቢ ነው። የተነነው ውኃ ብቻ ስለሆነና ጨው ስለማይተን ደግሞ ምትኩ ሁልጊዜ ጨው የሌለው ውኃ ነው።

የቧንቧ ውኃ አይሆንም። ፎስፌት፣ ሲሊኬት፣ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የወጣ መዳብ ይዞ ይመጣል፤ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን አከርካሪ የሌላቸውን ይገድላል። በሪቨርስ ኦዝሞሲስና በዲአዮናይዜሽን የተጣራ፣ የሟሟ ጠጣር መለኪያው 0 የሚያሳይ ውኃ ተጠቀሙ። ንባቡ ከ0 ከፍ ማለት ሲጀምር የዲአዮናይዜሽኑን ማጣሪያ ሬዚን ወዲያው ቀይሩ፤ እየጠገበ ያለ ሬዚን መጀመሪያ ከሚለቃቸው ነገሮች ሲሊኬት አንዱ ነው፣ ቡናማው የመስታወት አልጌም የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ለውኃ ቅያሬ በሳምንት 10 በመቶ በቂ ነው። ጨው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በጨው ላይ አይፈስስም፤ ከፈሰሰ ከታች ያለው እጅግ ጨዋማ ውኃ ካልሲየሙን አዝቅጦ ውኃው ወተት ይመስላል። በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ያህል ይገባል፤ እንደ ጨው ዓይነቱ ስለሚለያይ ለክታችሁ ጨርሱት። በፓምፕ እየተንቀሳቀሰ ጥርት እስኪል ይቆይ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር ይመሳሰል። የአዲሱን ውኃ አልካሊኒቲም ለኩ። ገንዳው 8 ሆኖ አዲሱ ውኃ 11 ከሆነ 10 በመቶ ቅያሬ በ0.3 ብቻ ያነሣዋል፤ 30 በመቶ ቅያሬ ግን በ0.9 ያነሣዋል። ከትልቅ ቅያሬ በኋላ የአክሮፖራ ጫፍ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ናይትሬትና ፎስፌት ላይ ደግሞ ሰዎች ዜሮን እንደ ንጽሕና ይቆጥሩታል። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ፤ ሲያጡ ኮራሉ ይገረጣል። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን መልካም ነው። መመርመሪያችሁ የሚያነበው ፎስፈረስን በቢሊዮን ክፍል ከሆነ በ3.066 አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ 10 የሚል ንባብ 0.03 ፎስፌት ነው። አልካሊኒቲ ከ10 በላይ ሆኖ ንጥረ ነገሩ ዜሮ ሲጠጋ ጫፉ የሚነጣ ኮራል ይበዛል፤ ስለዚህ ንጥረ ነገር የሚያንስበት ገንዳ አልካሊኒቲውን ከ7 እስከ 8 ቢይዝ ይሻለዋል።

ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ረቂቅ ሕዋስ ቦታ ያገኛል፦ ቡናማ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ፣ አረፋ የቋጠረ፣ ብርሃን ሲበራ የሚበዛ። ይህን ያየ ሰው ውኃ እየቀየረ ንጥረ ነገሩን ይብስ ይቀንሳል፤ ነገሩም ይባባሳል። የሚሻለው ቅያሬውን ጋብ አድርጎ ናይትሬትና ፎስፌትን መመገብ ነው። ማይክሮስኮፕ ቢገኝ ዝርያውን ለዩ። ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ወደ ውኃው ስለሚነሣ በአልትራቫዮሌት መብራት ይመታል፤ አምፊዲኒየም ግን አሸዋው ላይ ስለሚቀር መብራቱ አያገኘውም።

ፎስፌት ሲበዛም ከብረት ኦክሳይድ በተሠራ የፎስፌት ማስወገጃ በአንድ ጊዜ አትምቱት። ከተመከረው መጠን ሩብ ጀምሩ፣ በየሁለት ቀኑ ለኩ። በድንገት ሲወርድ ሥጋው የሚላቀቅ ኮራል አለ። ድንጋዩ ያከማቸውን ፎስፌት መልሶ ስለሚለቅ ቁጥሩ ወርዶ እንደገና ቢነሣ አትደንግጡ፤ በትዕግሥት ቀጥሉ።

ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል። ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በርቶ በመቅረት ስለሆነ በአንድ ትልቅ ፋንታ ሁለት ትንንሽ አድርጉ፣ ከውጭ መቆጣጠሪያ ጋርም አያይዟቸው። መብራት ሲቀየር ከግማሽ ኃይል ጀምሮ በሦስት በአራት ሳምንት ማንሣት ነው። ፒኤች በሌሊት ከ7.8 በታች ከወረደ መጀመሪያ የክፍሉን አየር ተጠራጠሩ፦ አንድ ብርጭቆ የገንዳ ውኃ ውጭ አውጥታችሁ አንድ ሰዓት በአየር ፓምፕ ንፉት፤ ፒኤቹ ከወጣ ችግሩ የቤቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ መስኮት መክፈት ወይም የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚለየውን መሣሪያ) አየር መሳቢያ ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ይፈታዋል።

ኮራል ነጣ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ቀርባችሁ እዩ። ሥጋው አለ፣ ግን ብርሃን አሳላፊ ሆኖ አጽሙ በውስጡ ይታያል? ይህ አልጌውን ያጣ ኮራል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሙቀትና ከብርሃን መብዛት ይመጣል። ብርሃኑን ቀንሱ፣ ሙቀቱን አስተካክሉ፣ መግቡት፤ ሊመለስ ይችላል። ሥጋው ከሥር ወይም ከጫፍ እየተገፈፈ ባዶ አጽም ከቀረ ግን ሥጋው እየሞተ ነው። በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ ከሆነ ከመስመሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፋችሁ ጤነኛውን ክፍል ቁረጡና በአዮዲን የኮራል መንከሪያ ነክራችሁ ለይታችሁ አኑሩት። በቀናት የሚሄድ ከሆነ ጨዋማነት፣ ሙቀት፣ አልካሊኒቲ፣ ፎስፌት በዚህ ቅደም ተከተል ለኩ፤ አንዱን ብቻ አስተካክላችሁም ጠብቁ። በአንድ ቀን አራት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አያውቅም።

ዞአንተስና ፓሊቶአ የሚባሉትን ለስላሳ የኮራል ዘመዶች የሚይዝ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት አለ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ሲቆረጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ቁስል ያለበት እጅ ወደ ገንዳው አይግባ። የተለጠፉበትን ድንጋይ መቀቀል፣ በፈላ ውኃ መፈተግ ወይም በግፊት ውኃ ማጠብ መርዙን በእንፋሎትና በብናኝ ወደ ሳንባ ያስገባል፤ በዚህ ምክንያት መላ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ድንጋዩን ማስወገድ ካስፈለገ እርጥብ እንደሆነ በፕላስቲክ ጠቅልሉት። ከነኩት በኋላ የብረት ጣዕም አፍ ውስጥ ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ጡንቻ ካመመ ወዲያው ከክፍሉ ውጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የነካችሁት ፓሊቶአ መሆኑንም ንገሩ።