በትርፍ ሰዓቴ የምሠራቸው ሦስት ድረ ገጾች፣ እና ከሁሉም በፊት የሚመጣው ሥራ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ቀን ቀን ለሰው ነው የምሠራው። የድርጅት ገጽ፣ የሱቅ ገጽ፣ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የራሴን እሠራለሁ። አሁን በእጄ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። አንዱ የበዓላትና የአጽዋማት ማስያ ነው። ሁለተኛው የእቁብ መዝገብ። ሦስተኛው ደግሞ ተረትና ምሳሌ የሚፈለግበት ገጽ።

የሥራ ባልደረቦቼ እቅዱን ሲያዩ የሚሉኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ "አንዱን ጨርስና ወደ ሌላው ሂድ።" ምክሩ መጥፎ አይደለም። ለነዚህ ሦስቱ ግን አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ላያቸው ሲታይ ምንም አይገናኙም። ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ምን እንደሚፈልግ ስዘረዝር ግን በሦስቱም አናት ላይ የመጡት ያው ናቸው፤ የኢትዮጵያ ቀን፣ የኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ፊደላችን። አሳሹም (ብራውዘሩ)፣ ዳታቤዙም፣ የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎችም (ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጣቸው ዝግጁ ኮዶች) ሲሠሩ በሌላ ቀንና በሌላ ፊደል ታስበው ነው። ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ክፍተቱን በራሱ ይደፍናል፣ ያውም በየፕሮጀክቱ እንደ አዲስ፣ ያውም ሰዓት በጠበበበት መጨረሻ ላይ። እኔ የመረጥኩት መሠረቱን ለብቻው አውጥቶ አንዴ በደንብ መሥራትን ነው። ሦስቱ ገጾች እሱ ላይ ይቆማሉ። አንዱ ገጽ ላይ ያገኘሁት ችግር መሠረቱ ላይ ይስተካከልና ለሌሎቹም ይተርፋል። ሦስቱን አብሬ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ከቀኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ኮድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደ አቋራጭ አለ። አዲስ ዓመትን ሴፕቴምበር 11 ላይ ይቸክሉታል፣ በአራት ዓመት አንዴ ወደ 12 ይገፉታል፣ ከዚያ ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ይደምራሉ። ለዘንድሮ ይሠራል። ለልደት ካርድም ይበቃል። አሁን ግን የዓድዋን ድል ስጡት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዕለተ እሑድ። ዛሬ የዓድዋ በዓል ሁልጊዜ ማርች 2 ላይ ስለሚውል አቋራጩ ኮድ ማርች 2 ቀን 1896 ይላችኋል። ጦርነቱ የተካሄደው ግን ማርች 1 ነው። አንዷ ቀን የት ገባች? በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 የፌብሩዋሪ 29ን ቀን ዘሎታል፣ የኛ ግን በአራት ዓመት አንዴ መጨመሩን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2100ም ያው ነገር ስለሚደገም ከዚያ ወዲህ እንቁጣጣሽ በብዛት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ዛሬ የሚወለድ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ዓመት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው በቀጥታ አለመሻገር። ሥነ ፈለክ የሚያጠኑ ሰዎች ከሚጠቀሙበት የጁልያን ቀን ቁጥር ጋር ነው የማስማማው። እያንዳንዱ ዕለት አንድ ተራ ቁጥር አለው፣ ወርም ዓመትም የለውም። መስከረም 1 ቀን 2018 ቁጥሩ 2460930 ነው። ዓድዋ 2413620። ለሰባት ስታካፍሉት ቀሪው ዜሮ ከሆነ ሰኞ፣ ስድስት ከሆነ እሑድ። የዓድዋው ቀሪ ስድስት ይመጣል። ይህን ቀን የመጀመሪያው መፈተኛዬ አድርጌዋለሁ፤ ኮዱ ላይ ማንኛውንም ነገር ስነካ መጀመሪያ ዓድዋን ያልፋል ወይ ብዬ ነው የማየው።

ብዙ ዴቨሎፐር የማያውቀው አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። የድረ ገጽ ኮድ በሚጻፍበት በጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ቋንቋውን አማርኛ፣ አቆጣጠሩን ኢትዮጵያዊ ብላችሁ ብታዙት ወሩን በአማርኛ ጽፎ ይሰጣችኋል። ምንም ላይብረሪ ማውረድ አያስፈልግም። ችግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሄዱ ነው፤ ሰው "ሐምሌ 19" ብሎ ቢያስገባ መልሶ አይተረጉምላችሁም። የአሳሹ የቀን ማስገቢያ ሳጥንም የሚመልሰው ዋጋ ሁልጊዜ ጎርጎርዮሳዊ ነው። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ መሣሪያ ሁለቱንም አቅጣጫ ይችላል፣ ወደ አሳሾችም እየገባ ነው። በየሰው አሮጌ ስልክ ላይ እስኪደርስ ግን የራሴን ማስገቢያ ሠርቻለሁ፤ ወሩን ትመርጣለህ፣ ቀኑን ትነካለህ፣ አለቀ።

ጳጉሜ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። "አንድ ወር ጨምር" የሚለው ትእዛዝ ከነሐሴ 30 ተነስቶ የት ይድረስ? ለማሽን 13ኛ ወር አለና ጳጉሜ ላይ ማረፍ ይቀናዋል። በወር እቁብ የሚጥል ሰው ግን ጳጉሜ ላይ የሚጥል የለም። ደመወዝም በጳጉሜ አይወጣም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መደመር አስፈለገ፤ አንዱ ወር የሚቆጥር፣ አንዱ ደመወዝ የሚቆጥር። ሁለተኛው ጳጉሜን ዘሎ መስከረም 30 ላይ ያርፋል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው መቼ ነው ለሚለው ዓመቱን ለአራት ማካፈል ነው፣ ቀሪው ሦስት ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም ስድስት ቀን አላት። 2015 እንደዚያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው።

ሰዓቱ ቀለል ይላል። አገራችን ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትቀያይር ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነስ ነው። አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። ማሽኑ ዓርብ ከገባ ሁለት ሰዓት ሆኖታል ሲል ሰው ገና "ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት" ነው የሚለው። ለዚህ ቋንቋችን ድሮ መልስ ሰጥቶበታል። ገጹ "ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብሎ ይጽፋል። ማንም አይሳሳትም።

አሁን ወደ ገጾቹ።

የበዓላቱ ገጽ የተነሳው ከዘመድ ነው። አሜሪካና ጀርመን ያሉ ዘመዶቼ የሥራ ፈቃድ ቀደም ብለው መጠየቅ ስላለባቸው በየዓመቱ "ፋሲካ መቼ ነው?" ብለው ይጽፉልኛል። መልሱን ብቻ የሚሰጡ ገጾች አሉ። እኔ የምፈልገው ስሌቱም እንዲታይ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ በጣም የሚያምር ስሌት ነው፣ በኮድ ሲጻፍ ደግሞ አጭር ነው። 2018ን ውሰዱ። 5500 ስንጨምር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፣ አንድ ለዘመን ሲቀነስ 12 ይቀራል፣ ያ ወንበር ነው። በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ (አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ማለት ነው)፣ አበቅቴ 12። በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ፣ መጥቅዕ 18። የሁለቱ ድምር 30 መሆን አለበት፣ ሆነ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ላይ ዋለ። ዕለቱ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7። 18 እና 7፣ መባጃ ሐመር 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ገጹ ላይ ዓመቱን ስትጽፉ ይኸው ስሌት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። የሰፈራችን መሪጌታ ሲያዩት ደስ ብሏቸው "ይሄን ለተማሪዎቼ አሳያለሁ" አሉኝ። ያን ቀን ገጹ ማን እንደሚጠቀምበት ገባኝ። ፋሲካችን ከጁልያን አቆጣጠር የፋሲካ ቀመር ጋር ስለሚገጥም በሁለቱም መንገድ እያሰላሁ አመሳክራለሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ገጹ አይወጣም።

የእቁቡን መዝገብ የምሠራው ለአክስቴ ነው። የሴቶች እቁብ ጸሐፊ ናት። ደብተሯን ቁጭ ብዬ አየሁት። በግራ በኩል ስም፣ ከላይ ቀን፣ መሐል ላይ ምልክት። ዕጣ የወጣላት ስሟ ይከበባል። ሁለት ዕጣ የያዘች ሁለት ጊዜ ትጻፋለች፣ ግማሽ ግማሽ የያዙት ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ዲዛይን አላገኘሁም፣ ስለዚህ ገጹ ደብተሩን ይመስላል። ስክሪኑን ሳሳያት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ልጄ፣ ስልኬ ከጠፋ ደብተሩም ጠፋ ማለት ነው?" ብላ ነው። ለዚህ ጥያቄ ስል ሕትመትን ከመጀመሪያው እቅድ ውስጥ አስገባሁት። በየዕጣው ማግስት አንድ ገጽ ይታተማል፣ ዳኛዋ ትፈርምበታለች፣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። ገንዘብ በዚህ ገጽ አያልፍም። በቴሌብር እናገናኘው የሚል ሐሳብ ከጓደኞቼ መጥቷል፣ በቴክኒክ ይቻላል። ግን እቁብ የሚቆመው በመተማመንና በዋስ ነው። የሰው ብር በእኔ ሰርቨር በኩል ሲያልፍ ኃላፊነቱ ሌላ ይሆናል፣ እሱን በትርፍ ሰዓት መሸከም ልክ አይደለም። ገጹ ማን እንደጣለ፣ ማን እንደቀረ፣ ዕጣ ለማን እንደወጣ ይመዘግባል። በቃ።

ሦስተኛው፣ ተረትና ምሳሌው፣ የፊደል ሥራ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን አንዱ "ሀምሳ" ብሎ ይፈልገዋል፣ አንዱ "ሐምሳ"፣ ሌላው "ኀምሳ"። ለኮምፒውተር አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፀሐይን አስቡት፣ ስንት ዓይነት ይጻፋል? መፈለጊያው ከመፈለጉ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ቤት፣ ሰ እና ሠ አንድ ቤት፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። "ኋላ" እና "ሁዋላ"ም ይገናኛሉ። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ ነው። የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈው ይቀመጣል፣ የሰውን አጻጻፍ ማረም የእኔ ሥራ አይደለም።

ነጥቡም እንደዚያው ነው። አራት ነጥብ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ስምምነት፣ የራሱ ቦታ አለው፣ ቁጥሩ U+1362። ከሰው የሚደርሰኝ ጽሑፍ ግን ግማሹ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የደረደረ ነው፣ ሌላው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ኮለን ደጋግሞ የጻፈ። በዓይን ሲያዩት አንድ ነው። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጠው ኮድ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቦታው ከተሰጠን ቆይቷል፣ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን የመልቀም ሥራ ግን ከእኛ ውጪ ማንም አይሠራልንም።

ስለ ቀረው ባጭሩ። ሦስቱም ገጾች ያለ ሰርቨር የሚሠሩ ናቸው፣ የእቁቡ መዝገብ እንኳን መረጃውን ስልኩ ላይ ነው የሚይዘው። አንዴ ከተከፈቱ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራሉ። የሰው ዳታ እንዳይበላ የኖቶ ፎንትን የምፈልጋቸውን ፊደላት ብቻ አስቀርቼ አሳጥሬዋለሁ። ዶሜይን (የገጽ አድራሻ) ከውጭ ሻጭ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚያስፈልግና ለሦስት ገጽ ሦስት ጊዜ ሰው ማስቸገር ስለማይገባ አንድ ዶሜይን ሥር ሦስቱን አስቀምጣለሁ።

ቀድሞ የሚወጣው የበዓላቱ ገጽ ነው። ከሱ ጋር መሠረቱን፣ ማለትም የቀኑን፣ የሰዓቱንና የፊደሉን ኮድ ለብቻው በነጻ እለቃለሁ፣ የፈለገ ወስዶ ይሥራበት። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በእናንተ ቤት የልደትም ሆነ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ካለ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ የተጻፈበት፣ በተለይ ከ1892 ዓ.ም. በፊት የሆነ የቆየ ሰነድ ያላችሁ፣ ሁለቱን ቀኖች ብቻ ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም። መፈተኛዎቼ ውስጥ ከዓድዋ ቀጥሎ አስገባቸዋለሁ።