የአረንጓዴ ኢኮኖሚው ሂሳብ በረትና ጉልቻ ላይ ነው

የኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ግድብ፣ ወደ አዳማ የነፋስ ማማዎችና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሰነዱን ቁጥሮች ቁጭ ብሎ ለደመረ ሰው ግን ትልቁ ሂሳብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ሰነዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነዱ ይፋ የሆነው በ2011 በደርባኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ነው። መነሻው አገሪቱ በ2010 የለቀቀችው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 150 ሚሊዮን ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። ኢኮኖሚው በታቀደው ፍጥነት እያደገ አሠራሩ ባለበት ከቀጠለ በ2030 ልቀቱ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተተነበየ። ግቡ እያደጉ እዚያው 150 ላይ መቆየት ነው። እንግዲህ «ይህን ያህል ልቀት ቀነስን» የሚል ሪፖርት ስታነቡ፣ የተቀነሰው ከዚህ ከትንበያው መስመር መሆኑን አትርሱ። ልቀቱ ከአምናው ጨምሮም ሪፖርቱ «ቀነሰ» ሊል ይችላል፣ ውሸትም አይሆንም።

ከ400ው ውስጥ ግብርና 185፣ ደን 90፣ ኢንዱስትሪ 70፣ ትራንስፖርት 40፣ ሕንፃዎች 10፣ ኤሌክትሪክ ማመንጫ 5 ይይዛሉ። ቅነሳው ሲከፋፈል ደግሞ ደን 130 (ዛፍ ካርቦን ስለሚያከማች ከሚለቀው በላይ ይመደብለታል)፣ ግብርና 90፣ ኢንዱስትሪ 20፣ ትራንስፖርት 10፣ ሕንፃዎች 5 ደረሳቸው። ኤሌክትሪክ ማመንጫ ዜሮ ነው! ከመነሻው በአብዛኛው በውሃ የሚሠራ ስለሆነ የሚቀነስለት ጭስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወደ ጎረቤት የሚሸጠው ኃይል የሚቀንሰው ልቀት የሚመዘገበውም ለገዢው አገር ነው። ከ255ቱ ውስጥ 220ው ያለው መሬት ላይ ነው፤ በከብት፣ በአፈር፣ በማገዶና በዛፍ።

ከከብቱ እንጀምር። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ቡድን የ2006 መመሪያ ለአፍሪካ ተራ ዳልጋ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን (ከብቱ መኖውን ሲፈጭ የሚያወጣው ጋዝ) ይመድባል። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 25 እጥፍ ያሞቃል ተብሎ በ25 ሲባዛ 775 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሰነዱ ሲጻፍ ከብቱ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 70 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በዚህ ስሌት 20 ሚሊዮን ተጨማሪ ከብት ማለት ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። የትራንስፖርቱን የቅነሳ ግብ ብቻውን ይውጠዋል።

የስትራቴጂው መልስ ከብትን በቁጥር ሳይሆን በምርት ማሳደግ፣ ከሥጋው ፍጆታም ከፊሉን ወደ ዶሮ ማዞር ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው። በቀን 1.5 ሊትር ለ200 ቀን የምትታለብ ላም በዓመት 300 ሊትር ትሰጣለች እንበል፤ ለአንድ ሊትር 2.6 ኪሎ ልቀት ይደርሰዋል። የተዳቀለችው ላም በመመሪያው ከፍ ያለ ነው የሚታሰብባት፣ 46 ኪሎ ሚቴን። ነገር ግን በቀን 8 ሊትር ለ270 ቀን ከታለበች ለሊትር የሚደርሰው ከግማሽ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ አርቢው የተዳቀለችውን ገዝቶ የቀድሞዎቹን ካልሸጠ ጠቅላላው ልቀት ይጨምራል። የማይሸጥበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። በሬው ለእርሻ ነው፣ በሬ እንዲተካ ላምና ጊደር ያስፈልጋሉ፣ ከብቱም የድርቅ ዘመን መጠባበቂያ ነው። የእርሻ መሣሪያ ኪራይና የእንስሳት መድን ሳይቀርብ «ከብት ቀንስ» የሚል ምክር ሰሚ አያገኝም፣ ሊያገኝም አይገባም።

ርካሹ መነሻ መኖው ነው። ጭድን በዩሪያ ማከም ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ማሟሟት ይፈልጋል። ጭዱ በስስ እየተነጠፈ ውሃው እኩል ይርከፈከፍበታል፣ እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፣ በፕላስቲክ ታሽጎ 21 ቀን ገደማ ይቆያል። ከመቅረቡ በፊት ሽታው እስኪወጣ ይናፈሳል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አየር ከገባ ይሻግታል፤ ዩሪያው በደንብ ሳይሟሟ አንድ ቦታ ከተከማቸ ደግሞ ከብት ይመርዛል። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም፣ ለሌላውም በትንሽ በትንሹ ማስለመድ ያስፈልጋል። የዩሪያ ዋጋ ሲንር ገበሬው ለማሳው ማስቀደሙ የሚጠበቅ ነው።

ወደ ጉልቻ እንምጣ። ሰነዱ ከማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብቻ ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ ቅነሳ ይጠብቃል። ለእንጀራ የሚታወቀው ምርጥ ምድጃ ነው፤ ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ከቀይ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። በሙከራ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ቤት ሲገባ ግን ቁጠባው ሊሸረሸር ይችላል። ቅርጽ ማውጫው ሲያረጅ ክፍሎቹ አይገጥሙም፣ በክፍተቱ እሳት ይወጣል። ሲሚንቶው ለሳምንት ያህል ውሃ ካልጠጣ በጥቂት ወር ይሰነጠቃል። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ሙቀቱ በጎን ያመልጣል። መጋጠሚያው በጭቃ መመረግ አለበት፣ ማገዶውም ደረቅ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ግን አሮጌው ጉልቻ ከጎኑ ለወጥ፣ ለጠላ፣ ለቡና እየነደደ ይቀጥላል። ስለዚህ የተከፋፈለ ምድጃ መቁጠር የተቆጠበ እንጨት መቁጠር አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሁለት ሦስት ቀን ማገዶ በሚዛን መለካት ነው የሚያዋጣው።

የካርቦን ሂሳቡም ጠባይ አለው። አንድ ቤት በዓመት 1 ቶን ደረቅ እንጨት ቢቆጥብ ወደ 1.7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚቆጠረው ግን ተመልሶ ከሚያድገው በላይ የተቆረጠው ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው 0.9 ከተባለ 1.5 ቶን ይመዘገባል፣ 0.3 ከተባለ ግማሽ ቶን። ያው ምድጃ፣ ያው እንጨት፣ ሦስት እጥፍ ልዩነት። የምድጃ ፕሮጀክት ሪፖርት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር ይህ ይሁን።

ግድቡ በቅነሳው ሂሳብ ዋጋ የሚያገኘው እንግዲህ ምጣዱን ሲያሞቅ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ነው፤ የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ነው። መንደር ላይ ያለ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ከ28 ምጣድ በላይ በአንዴ አይሸከምም። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚጠፋው በኃይል እጥረት ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው። መንደሩን በፈረቃ ማስጋገር ትራንስፎርመር ከመቀየር ይረክሳል።

በደን በኩል ችግኝ መቁጠር ልማድ ሆኗል። 2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል ሄክታሩ 2,500 ችግኝ ይይዛል፤ ለካርቦን የሚቆጠረው ግን ጸድቆ ያደገው ነው። በኢትዮጵያ ትርጉም ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ነው። ይህ ትርጉም የጸናው በ2015 ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦማ ደንና ቀርከሃ ስለገባበት የደን ሽፋኑ ቁጥር ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉ አኃዞችን ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ያገገመው በአብዛኛው ከነባር ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን በመግረዝና ከግጦሽ በመከለል ነው። ችግኝ ጣቢያ አይጠይቅም፣ ሥሩም መሬት ውስጥ ስለቆየ ድርቅ ይችላል። የሚጠይቀው የግጦሽ ሕግና ጥበቃ ነው፤ ሣሩ በእጅ ታጭዶ እንዲወሰድ ካልተፈቀደ ግን ክልከላው አይዘልቅም።

ትራንስፖርቱ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ መኪና ማስገባት ክልከላ ስሙን አስጠርቷል፣ ኢንዱስትሪው ዋና ጉዳዩ ሲሚንቶ ነው። ሁለቱንም እዚህ አናሰፋቸውም።

ገንዘቡ። በ2021 የታደሰው አገራዊ ቃል ኪዳን (አገሪቱ በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት ያቀረበችው የቅነሳ ዕቅድ) ከ403.5 ሚሊዮን ቶን የ2030 ትንበያ 68.8 በመቶ ለመቀነስ ይላል። በራስ አቅም የሚሠራው 14 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው 54.8 በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድጋፉም በቃል አይመጣም። ኦሮሚያ ከዓለም ባንክ ጋር በ2023 የተፈረመለት ስምምነት ለ4 ሚሊዮን ቶን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለቶን 10 ዶላር፣ የሚከፈለውም ቅነሳው ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ። በዚህ ዋጋ ከላይ ያሰላነው ምድጃ በዓመት ወይ 15 ዶላር ወይ 5 ዶላር ያመጣል፤ ለካ ተብሎ ቤት ለቤት የሚላከው ባለሙያ አበልና ነዳጅ ግን በሁለቱም ሂሳብ እኩል ነው።