ጌሾ የገባበትን ጠንካራ ጥቁር ቢራ እንዴት እንደቀመስኩት

ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው የአሜሪካ፣ የዴላዌር ቢራ ጠማቂ በ2010 ያወጣው ቢችስ ብሩ ሦስት እጁ ኢምፔሪያል ስታውት (ከተቆላ ብቅል የሚጠመቅ ጠንካራ ጥቁር ቢራ)፣ አንድ እጁ ደግሞ ጌሾ የገባበት የማር ቢራ ነው። አልኮሉ 9 በመቶ ይደርሳል። ስሙን የወሰደው ከጃዝ ሙዚቀኛው ከማይልስ ዴቪስ የ1970 አልበም ሲሆን የተጠመቀውም ለአልበሙ 40ኛ ዓመት ነበር። የሙዚቃውን ነገር ለጃዝ ሰዎች እተዋለሁ። እኔ ማወቅ የፈለግኩት በአንዱ እጅ ውስጥ ያለው ጌሾ በዚያ ሁሉ የተቆላ ብቅል መሃል ይታወቃል ወይስ ጠርሙሱ ላይ ለወሬ የተጻፈ ነው የሚለውን ነው።

ሀበሻ ቀማሽ እዚህ ላይ ብልጫ ያለው ይመስለዋል። ግን ጌሾን የምናውቀው በጠላና በጠጅ ውስጥ ነው። ጠላ ሲነሳ አፋችን ላይ የሚመጣው ጭስ ጋኑ በወይራ ወይም በጥንጁት ስለታጠነ ነው። የአረር ጣዕሙ ከአሻሮው፣ ኮምጣጣነቱ ከመፍላቱ ይመጣል። የጠጁ ደግሞ ማሩ ነው። እነዚህን ሁሉ «የጌሾ ጣዕም» ብለን አንድ ላይ ስለያዝናቸው፣ ጥቁር ቢራ ስንቀምስ የተቆላውን ገብስ ጌሾ ነው ብለን እንምላለን። ስለዚህ ቢራውን ከመክፈቴ በፊት ጌሾን ብቻውን ቀመስኩ።

ሀበሻ ሱቅ ቅጠሉና እንጨቱ ለየብቻ ይሸጣሉ። የማር ቢራ ለጠጅ ስለሚቀርብ እንጨቱን መረጥኩ። 5 ግራም ስብርብሩን በ250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ 12 ሰዓት አቆየሁት። ሌላ 5 ግራም በዚያው መጠን ውሃ 15 ደቂቃ አፍልቼ ተንኖ የጎደለውን ውሃ ሞላሁ። ሁለቱንም በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩ። ወረቀቱን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፣ አለዚያ የወረቀት ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ይገባል። የማድ ቤት ጨርቅ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን የበርበሬና የሳሙና ሽታ አይለቀውምና አይሆንም።

የተዘፈዘፈው ንጹሕ ምሬት አለው፤ ሽታው ደረቅ ሣርንና ቀጠን ያለ ሻይን ይመስላል። የፈላው ሻከር ይላል፣ ምላስ ይይዛል፣ የእንጨትነት ጣዕሙም ይጎላል። ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ ሆፕ፣ እንዲህ አይደለም። የሆፕ ምሬት በደንብ የሚወጣው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ነው፤ ቀዝቃዛ ውስጥ ሲዘፈዘፍ በዋናነት የሚሰጠው መዓዛውን ነው። ጥንስስ ሲጣል ያየ ሰው ጌሾ ሳይፈላም መምረሩ አይገርመውም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጌሾ የሌለበት፣ ጥንካሬው የተቀራረበ ስታውት ነው። እኔ የያዝኩት የካሊፎርኒያውን ኦልድ ራስፑቲን ነው፤ እሱም 9 በመቶ ነው። ማወዳደሪያውን በ5 በመቶ ስታውት የሚሠራ ሰው የአልኮሉን ሙቀት ከጌሾው ጋር ያምታታዋል።

ከኦልድ ራስፑቲን 100 ሚሊ ሊትር ለክቼ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ መርፌ የሌለው ስሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር የተዘፈዘፈውን የጌሾ ውሃ ጨመርኩበት። ይህ በሊትር ወደ 1 ግራም ጌሾ ይሆናል። በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ላይ ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ተራ ውሃ። ይህቺን ውሃ ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ከተረሳች ግን አንዱ ብርጭቆ 9 በመቶ፣ ሌላው 8.6 በመቶ ይሆንና ልዩነቱ የጌሾ ይሁን የመቅጠን አይታወቅም። ሁለቱንም በእኩል ማማሰል ያስፈልጋል፣ ጋዙ ባንዱ ብቻ ከለቀቀ እሱም ያሳብቃል።

ከዚያ ሌላ ሰው በሦስት ብርጭቆ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ምልክቱ ብርጭቆው ሥር ላይ ይለጠፋል። ቀማሹ የተለየውን ያወጣል። ዓይን መሸፈን አያስፈልግም፣ ቢራው ጥቁር ስለሆነ የጌሾው ቀለም አይታይም። በ6 ዙር በዕድል ብቻ 2 ያህሉን መገመት ይቻላል፤ 5 እና ከዚያ በላይ በዕድል የመምታት ነገር ግን ከመቶ 2 አይሞላም። ስለዚህ 5 ያላገኘ «ለየሁት» ባይል ይሻለዋል። ሦስት ዙር ተቀምሶ 20 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ የቀረው ሦስት። ሁሉም ቢዋጥ 180 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከአንድ ተራ ጠርሙስ ቢራ ጋር የሚተካከል አልኮል። በእኔ አፍ በሊትር 1 ግራም ከመለየት ጫፍ ላይ ነው፤ የጌሾ ውሃው 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን (ተራውም ውሃ 10 ይሁን) ማንም ይለየዋል።

ይህ ካለቀ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ዋናው ጠርሙስ፣ ቢችስ ብሩ፣ ይከፈታል። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው መቅዳት ትልቁ ጥፋት ነው። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜው መዓዛውን አፍኖ ምሬትና ቁላቱን ብቻ ያስቀራል፤ ማሩ ጭራሽ አይገኝም። ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውጪ ይቆይ። የምፈልገው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ያለውን ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ሆኖ እስከ 16 ሲደርስም መቅመሴን አላቆምም፣ ማሩ ብቅ የሚለው ያኔ ነውና። ጠርሙሱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቆሞ ይደር። አተላ ካለው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲቀዳም የመጨረሻው ጣት ያህል ይቀራል፣ እርሾው የራሱ ምሬት ስላለው።

ብርሌ ያምራል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። የወይን ብርጭቆ ይበልጣል፣ ሲሶው ብቻ ተሞልቶ። አረፋው ወዲያው ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርጭቆው ላይ የቀረ ቅባት ነው።

የክፍሉ አየር ከብርጭቆው እኩል ያሳስባል። ዕጣን የተጨሰበት፣ ቡና የተቆላበት ቤት ለዚያን ቀን አይሆንም፣ ምክንያቱም ስታውቱ ራሱ ቡና ቡና ይላል። ወጥ ተበልቶም አይቀመስም፤ በርበሬ ያቃጠለው አፍ 9 በመቶውን 15 አድርጎ ይቆጥረዋል። በባዶ ሆድ ደግሞ አይገባም። ቅመም የሌለው ነጭ ዳቦና ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። አምባሻው ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ካለው ይቅር።

አፍ ውስጥ ሦስት ምሬት ይገናኛል፤ የተቆላው ብቅል፣ ሆፑና ጌሾው። ምላስ ላይ የት እንደተሰማ መፈለግ አያዋጣም፣ መራራን ምላስ በሁሉም ቦታ ይሰማል። የሚለየው ጊዜው ነው። ስልኬ ላይ ሰዓት ከፍቼ ከዋጥኩ በኋላ በ5፣ በ15፣ በ30 እና በ60 ሰከንድ የተሰማኝን አንዳንድ ቃል ጻፍኩ። ቁላቱ ፈጥኖ ይመጣል፣ የከሰለ ዳቦና ቡና ይመስላል፣ ጎምዘዝ ብሎ ይሄዳል። ሆፑ ሙጫ ሙጫ እያለ መሃሉን ይይዛል። ጌሾው ከ30 ሰከንድ በኋላ፣ ሁለቱ ሲቀንሱ፣ ጉሮሮ አካባቢ አረንጓዴና እንጨት እንጨት የሚል ሆኖ ይቀራል። የዘፈዘፍኩትን ውሃ አስቀድሜ ባልቀምሰው ይህን ጭራ «የሆፕ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ጌሾው አለ፣ ግን በሹክሹክታ ነው። በጠጅ ልክ የሚጠብቀው ሰው ቅር ይለዋል።

ማሩን በጣፋጭነት የሚፈልግም እንዲሁ። የማር ስኳር ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ አልኮል ስለሚቀየር ቢራውን ያቀጥነዋል እንጂ አያጣፍጠውም፤ የቆየ ጠጅ ደረቅ የሚሆነውም በዚሁ ነው። የሚቀረው መዓዛው ነው፣ እሱም በ10 ዲግሪ ሳይሆን ሞቅ ሲል። ጣፋጩ የብቅሉ ነው።

በሁለት ጉርሻ መሃል ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ማረፍ የግድ ነው። ምሬት ይደራረባል፤ አራተኛው ጉርሻ ከመጀመሪያው መራራ የሚመስለው ቢራው ተለውጦ አይደለም። ሁለቱን ቢራዎች ጎን ለጎን የሚቀምስም ቅደም ተከተሉን እያገላበጠ ይሂድ፣ ሁለተኛ የቀረበው ሁልጊዜ መራራ ይመስላልና። ካርቶን ካርቶን ወይም የአኩሪ አተር ሶስ የሚል ሽታ ከመጣ ጠርሙሱ አርጅቷል፤ ኦክስጅን የገባበት ቢራ እንጂ የጌሾ ባሕርይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ፍርድ አልሰጥም፣ አስቀምጬ ሌላ እፈልጋለሁ።

750 ሚሊ ሊትር በ9 በመቶ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 5 በመቶ ቢራዎች አራት ጠርሙስ ማለት ነው። ለአንድ ሰው አይከፈትም፤ ለስድስት ሰው 125፣ 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ መኪና የያዘ ደግሞ አይቀምስም። ከተረፈ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይቻላል። በማግስቱ ጋዙ ቀንሶ ቁላቱም ደብዘዝ ስለሚል ለጌሾው ከሁሉ የተሻለችው 30 ሚሊ ሊትር ያቺ ናት። ሦስተኛ ቀን ካለፈው ግን ለሥጋ መዘፍዘፊያ ይሁን።