የጁዶ ውሳኔ ሲያከራክር፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የምሠራበት መንገድ

ጁዶ ላይ ቅሬታ የሚያስነሳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ጀርባው ነካ ወይስ ጎኑ? የጣለው አጥቂው ነው ወይስ መልሶ የያዘው? በዓለም አቀፍ መድረክ ዳኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው፣ ጠረጴዛው ጋ ደግሞ በቪዲዮ የሚያዩለት ሰዎች አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚደረግ የአካባቢ ውድድር ግን ያለን አንድ ዳኛ፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ረዳት ዳኞችና ሁለት የእጅ ስልክ ነው። ይህም በሥርዓት ከተያዘ ብዙ ክርክር ይፈታል።

ሚዛን ከመጀመሩ በፊት አሠልጣኞቹን ሰብስቤ በየትኛው ሕግ እንደምንዳኝ እነግራቸዋለሁ። ዩኮ የሚባለው ትንሹ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሕጉ ወጥቶ በ2025 ተመልሷል። በመካከሉ የተማረ አሠልጣኝ ለ7 ሰከንድ መያዣ (ተጋጣሚን በጀርባው መሬት ላይ ይዞ ማቆየት) ነጥብ ሲሰጥ ቢያይ በቅንነት ይቃወማል። ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፦ መያዣ ከ5 እስከ 9 ሰከንድ ዩኮ፣ ከ10 እስከ 19 ዋዛሪ (ግማሽ ነጥብ)፣ 20 ሲሞላ ኢፖን (ግጥሚያውን ወዲያው የሚያበቃ ሙሉ ነጥብ)። ሁለት ዋዛሪ ኢፖን ይሆናል፤ ዩኮ ግን የቱንም ያህል ቢደራረብ ዋዛሪ አይሆንም። ሦስተኛው ሺዶ (የቅጣት ማስጠንቀቂያ) ግጥሚያውን ያሳጣል። አሠልጣኝ መናገር የሚችለው ማቴ («ቁም») ተብሎ ግጥሚያው ሲቆም ብቻ መሆኑንም እዚያው እናገራለሁ።

ስልኮቹን በታታሚው (በመጋጠሚያው ምንጣፍ) ሰያፍ ማዕዘኖች፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆማለሁ። ዝቅ ካሉ የጣዩ ገላ የወዳቂውን ጀርባ ይጋርዳል፤ ወሳኙ ነገር የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው። ወደ መስኮት ፊታቸውን ካዞሩ ጥቁር ጥላ ብቻ ይቀርጻሉ። በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ካለ እሱን እመርጣለሁ፤ በ30 የእጅና የክርን አነካክ ይደበዝዛል። መብራት ቢጠፋ ስልኩ እንዳይዘጋ ፓወር ባንክ ከመጀመሪያው ይሰካል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምይዘው ቪዲዮው የሚታይበትን ፍጥነት ነው። ለኢፖን ጀርባ፣ ኃይል፣ ፍጥነትና እስከ መውደቂያ ድረስ መቆጣጠር ይፈለጋሉ። ዝግ ባለ ቪዲዮ የሚታየው ጀርባውና ቁጥጥሩ ነው። ኃይልና ፍጥነት ግን በዝግታ ሲታዩ ይጠፋሉ፤ ግሩም ውርወራ እንኳ ቀስ ብሎ ማስተኛት ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ በእውነተኛው ፍጥነት፣ ቀጥሎ በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና በእውነተኛው ፍጥነት እናያለን። ተወዳዳሪው ጀርባውን ለማዳን በጭንቅላቱና በተረከዙ ድልድይ ሠርቶ ቢወድቅ ኢፖን ነው፤ እዚህ ላይ መከራከር አያስፈልግም።

ከባዱ የመልሶ ጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ከ100 ኪሎ በላይ ፍጻሜ፣ ፈረንሳዊው ዱዬ በኡቺማታ (እግርን በተጋጣሚ ጭኖች መካከል አስገብቶ መጣል) ሲገባ ጃፓናዊው ሺኖሃራ እግሩን አሳልፎ አዞረው፣ ሁለቱም ወደቁ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ለሺኖሃራ ኢፖን ቢያሳይም ነጥቡ ለዱዬ ተሰጠ፤ ዳኞቹ ከታታሚው ከወረዱ በኋላ የመጣው ተቃውሞም ውጤቱን አልለወጠውም። ረዳቶቼን «ማን ጀመረ?» ብለው እንዳይጠይቁ የምነግራቸው ለዚህ ነው። ጥያቄው «ሲወድቁ የተቆጣጠረው ማን ነው?» ነው። ካልለየ ለማንም ነጥብ የለም።

የመሻሪያው ሰዓት ጠባብ ስለሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ማዳመጫ ስለሌለን ረዳቱ የሚያነሳው ቀይ ጨርቅ አለ። ጨርቁ የሚነሳው ማቴ ሲባል ብቻ ነው፤ በእንቅስቃሴ መሃል አይነሳም። ኢፖን ከተሰጠ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ እጅ ከመንሳታቸው በፊት ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ይመለከታል። አሸናፊው ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ክርክርን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በ66 ኪሎ ሩብ ፍጻሜ ሦስቱም ዳኞች ለኮሪያው ቾ ባንዲራ አንስተው፣ ወዲያው ሦስቱም ወደ ጃፓኑ ኤቢኑማ አዞሩት። ሕዝብ ፊት ሲገለበጥ ትክክለኛ ውሳኔም ቢሆን እምነት ያጣል። አይቶ መናገር ይቀድማል።

ዳኛው ሲጠራጠር ዝቅ ያለውን ነጥብ እንዲሰጥ እመክራለሁ። ዋዛሪን ወደ ኢፖን ማሳደግ ቀላል ነው፤ በስህተት የተሰጠ ኢፖን ግን ጨዋታውን ያቆማል፣ መሬት ላይ ሊቀጥል የነበረውም መያዣ ተመልሶ አይመጣም።

ሰዓቱን ሁለት ሰዎች ይይዙታል፦ አንዱ የግጥሚያውን፣ ሌላው የመያዣውን። የመያዣው የሚጀምረው ዳኛው «ኦሳኤኮሚ» (ተይዟል) ሲል እንጂ ሰዓት ያዡ ተይዟል ብሎ ሲያስብ አይደለም። ውስጥ የተጀመረ መያዣ ሳይቋረጥ ወደ ውጭ ቢወጣም ይቆጠራል። የማብቂያው ደወል ሲደወል የተጀመረ ውርወራም ይጸናል። ተመልካቹ ይህን ስለማያውቅ ይጮኻል፤ አሠልጣኝ ግን ማወቅ አለበት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወርቃማው ነጥብ (መደበኛው ሰዓት በእኩል ሲያልቅ የሚቀጥለው ተጨማሪ ጊዜ) ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው ቶሎ ሺዶ መስጠት ዳኛን ይፈትነዋል። እኔ ዳኞቹን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ጥቃት እየሞከረ ነው? ሙከራው ደካማ ቢሆንም እውነተኛ ከሆነ ሺዶ የለበትም።

ማነቅ ላይ ግን ምንም አላላላም። በፓሪስ 2024 በ60 ኪሎ ሩብ ፍጻሜ ማቴ ከተባለ በኋላ የስፔኑ ጋሪጎስ ማነቅ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥሎ የጃፓኑ ናጋያማ ራሱን ሳተ፣ ኢፖኑም ለጋሪጎስ ተሰጠ። አዳራሹ ሲጮኽ ድምፅ ብቻውን አይሰማም። ስለዚህ መሬት ላይ ማቴ የሚል ዳኛ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም በእጁ ይነካል፣ እስኪላቀቁም ድረስ እጁን አያነሳም።