ከማኒላ ሽቦ እስከ ሚኒያፖሊስ ደብተር፦ ንባቤ የት ደረሰ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የንባብ ጓደኞቼ። የአሜሪካን ታሪክ በራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አላላውስ ያለኝ ከ1898 እስከ 1911 ያለው ጊዜ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ ባሕር ተሻግራ ደሴት ስትይዝ፣ መጽሔቶቿ ደግሞ የቤቷን ገመና አደባባይ ያወጣሉ። መጻሕፍቱ ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ነው የሚያስቀምጧቸው። እኔ ጎን ለጎን ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የጣመኝ።

የአሜሪካንና የእስፔንን ጦርነት ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ቶሎ ልለፈው። የካቲት 1898 ሜይን የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ያኔ በእስፔን እጅ በነበረችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች፤ ከ260 በላይ ሰው አለቀ። ምክንያቱ ሳይጣራ እንደነ ኸርስት «ጆርናል» ያሉ የኒው ዮርክ ጋዜጦች ጣታቸውን እስፔን ላይ ቀሰሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል አሜሪካ ፖርቶ ሪኮንና ጓምን ወሰደች፤ ለፊሊፒንስ ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ፊሊፒናውያንን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ያለ የለም። ሁለት ወር ሳይሞላ ውጊያው ከእነሱ ጋር ሆነ።

እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ ያሉት ዘጋቢዎች ዜናቸውን የሚልኩት በቴሌግራም ሲሆን፣ ሽቦው እዚያ ባለው የአሜሪካ ጦር አዛዥ በጄኔራል ኦቲስ ሳንሱር ሥር ነበር። «ነገሩ እያለቀ ነው» የሚል ወሬ ያልፋል፤ ሌላው ይቆረጣል። ሐምሌ 1899 ዘጋቢዎቹ ተሰባስበው ተቃውሟቸውን ጻፉ። ከማኒላ መላክ ስለማይቻል ጽሑፉን ሆንግ ኮንግ አድርሰው ከዚያ አስተላለፉት። ሳንሱር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አገር ቤቱ እንምጣ። የጥር 1903 «ማክሉርስ» መጽሔትን ካላያችሁት እባካችሁ ፈልጋችሁ እዩት። በአንድ እትም ሦስት ከባድ ጽሑፍ፦ አይዳ ታርቤል ስለ ሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ ስለ ስታንዳርድ ኦይል፣ ሊንከን ስቴፈንስ ስለ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሬይ ቤከር በድንጋይ ከሰል አድማ ወቅት ሥራ ስላላቆሙ ሠራተኞች።

የሚኒያፖሊሱ ጉድ ነው። ከንቲባው ዶክተር ኤምስ ወንድሙን የፖሊስ አዛዥ አድርጎ ሾመ። ከዚያ ፖሊሱ ሌባውን መያዝ ትቶ ከሌባው ጋር መካፈል ጀመረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የቁማር አጭበርባሪዎቹ ደብተር ነው። ከተበላው ሰው ስንት እንደወሰዱ፣ ለፖሊሶች ስንት እንደሰጡ በእጃቸው መዝግበዋል። ሌባ፣ ሒሳብ ይዞ! ስቴፈንስ ታሪኩን ተርኮ ብቻ አላለፈም፤ የደብተሩ ገጾች ምስል መጽሔቱ ላይ ወጣ። አንባቢው የሌባውን የእጅ ጽሑፍ በዓይኑ አየ።

ታርቤልም እንደዚያው በወረቀት ነው የሠራችው። ያደገችው ፔንስልቬንያ የነዳጅ መንደር ውስጥ ነው፤ አባቷም የዚያው ሥራ ሰው ነበር። በ1872 ሮክፌለርና ጥቂት የነዳጅ ማጣሪያ ባለቤቶች ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በምስጢር ተዋዋሉ። ውሉ ለራሳቸው ጭነት ቅናሽ ይሰጣቸዋል፤ ይህ እንኳ ያለ ነው። ተፎካካሪያቸው ከሚከፍለው የጭነት ዋጋ ላይም ድርሻ ይደርሳቸዋል! ጎረቤትህ በጫነ ቁጥር አንተ ገንዘብ ትቀበላለህ ማለት ነው። ነገሩ ሲሰማ የነዳጅ አምራቾቹ ተነሱና ውሉ ሥራ ላይ ሳይውል ፈረሰ። ሮክፌለር ግን በዚያው ግርግር የክሊቭላንድን አብዛኞቹን ማጣሪያዎች ጠቅልሎ ነበር። ታርቤል ይህን ሁሉ ያወጣችው ከምክር ቤት ምርመራና ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ከስታንዳርድ ኦይል ሹማምንት አንዱ የሆነው ሮጀርስ ራሱ ቢሮው አስገብቶ አነጋግሯታል። በሩን ያስከፈተላት ማን መሰላችሁ? ደራሲው ማርክ ትዌይን! የፊሊፒንስን ወረራ አምርሮ የተቃወመው ሰው የሮጀርስ የልብ ወዳጅ ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ዘመኑ ጠባብ ሰፈር ነው የሚመስለው።

እስካሁን የደረስኩበት ሐሳብ ይሄ ነው። «የዘመኑ ጋዜጠኞች በአገራቸው ጉዳይ ደፋሮች፣ በውጭው ዝምተኞች ነበሩ» የሚለው አባባል አልተዋጠልኝም። ልዩነቱ ድፍረት ሳይሆን ሰነድ ይመስለኛል። ኦሃዮ ወይም ሚኒሶታ ውስጥ ምስክር ቆሟል፣ ቃሉም ታትሟል። የፊሊፒንሱ ወረቀት ግን ከነሽቦው በወታደሩ እጅ ነው። ቀዳዳ ሲገኝማ ይወጣ ነበር፦ ወታደሮች ለቤተሰብ የጻፉት ደብዳቤ በፖስታ ስለሚሄድ የቴሌግራሙ ሳንሱር አያገኘውም፤ የወረራው ተቃዋሚዎች ማኅበር እነዚህን ደብዳቤዎች ሰብስቦ አሳተመ። በ1902 የሴኔት ኮሚቴ ምስክር መስማት ሲጀምርም ጋዜጦቹ የአሜሪካ ወታደሮች ፊሊፒናውያንን ስለ ማሠቃየታቸው በሰፊው ጻፉ። የፊሊፒንሷን ሳማር ደሴት ምድረ በዳ አድርጉ ያለው ጄኔራል ስሚዝ ያኔ ነው ጦር ፍርድ ቤት የቀረበው። ቅጣቱ ተግሣጽና ጡረታ ሆነ። ስታንዳርድ ኦይል ደግሞ በ1911 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተበታተነ።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። አንድ ቀን ምረጡና የተለያዩ ከተሞችን የፊት ገጽ አስተያዩ። ሜይን በፈነዳች ማግስት ያለውን ብትሞክሩ አይቆጫችሁም።

ቀጥዬ የማነበው ወደ እኛ ይመጣል። በዚያው በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ቆንስል ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተልኮ፣ በጂቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሟል። የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያችን ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ስኪነር የመጣው ይህን ንግድ ለማጽናት ነው። የእሱን ወገን ትረካ አግኝቻለሁ። በእኛ ወገን የተጻፈ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።